ክዳኑን ከማንሳትሽ በፊት

ንብ ማነብ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ንግሥቲቱን ገደልኳት። አስቤበት አይደለም፤ ስትሞትም አላየኋትም። አንዱን ፍሬም፣ ንቦቹ የሰፈፍ እንጀራቸውን የሚሠሩበትን የእንጨት ማቀፊያ፣ አውጥቼ፣ አገላብጬ አይቼ፣ ወደ ቦታው ስመልሰው እጄ ቸኮለ። የሁለቱ እንጀራዎች ፊት ተፋተገና በመካከላቸው የነበሩት ንቦች ተጨፈለቁ። «ጥቂት ናቸው» ብዬ ክዳኑን ገጠምኩ። ከጥቂቶቹ አንዷ እሷ ነበረች።

ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በጓሮው ቀፎ ለማስቀመጥ ያሰበ ሰው ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ ስለ ማር፣ ስለ ንድፊያና ስለ ዕቃ ነው። ሦስቱንም እመልሳለሁ። ከሦስቱ በፊት ግን ስለ ክዳኑ ልነግረው እፈልጋለሁ። የጀማሪ ቀፎ የሚጎዳው በቸልተኝነት ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱ ከመውደዱ ብዛት አላስቀምጥ ሲለውም ይጎዳል። እኔ በየሦስት ቀኑ እከፍት ነበር። ምን ልፈልግ? ምንም። ላያቸው ብቻ።

ቀፎው ከመምጣቱ በፊት የሠራሁት ሥራ ደህና ነበር ማለት እችላለሁ። የጠዋት ፀሐይ ቶሎ የሚያገኘው፣ ነፋስ የማይበረታበት፣ ውኃ የማይቋጥር የጓሮዬን ጥግ መረጥኩ። ንቦች የቤታቸውን ቦታ አጥንተው ስለሚይዙ፣ አንዴ ከለመዱ በኋላ ቀፎውን ጥቂት ሜትር እንኳ ብታርቁት ከመስክ የሚመለሱት ቀድሞ በነበረበት ባዶ ቦታ ላይ ይሰበሰባሉ። ስለዚህ ቦታ የሚመረጠው ንቡ ሳይመጣ ነው። በሩን ሰው ከሚተላለፍበት አዞርኩት። ከፊቱ 2 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው አጥር አለ፤ ንቦቹ ከበሩ እንደወጡ ሽቅብ ለመነሳት ስለሚገደዱ የሚበሩት ከሰው ራስ በላይ ነው። ውኃም አስቀድሜ አዘጋጀሁ፤ ዝርግ ሳህን፣ ውስጡ ጠጠር፣ ንብ ሳትሰጥም ቆማ የምትጠጣበት። ይህ ካልተዘጋጀ የጎረቤት ቧንቧ ሥር ይለምዳሉ፤ ከለመዱ በኋላ ደግሞ ማስተው ያስቸግራል። የአካባቢውን ደንብ ጠየቅኩ፤ ጎረቤቶቼንም አነጋገርኩ፤ ንብ ሲነድፈው ክፉኛ የሚታመም ሰው በቤታቸው እንዳለ አጣራሁ።

የተሳሳትኩት በቁጥሩ ነው። አንድ ኅብረ ንብ፣ ማለትም የአንድ ቀፎ መንጋ፣ ብቻ ያዝኩ። ለጀማሪ አንዱ ይበቃል ብዬ ነበር፤ አሁን ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ከቻለ፣ በሁለት እንዲጀምር እመክራለሁ። ሁለት ሲሆኑ አንዱ መዳከሙን ከሌላው ጋር አስተያይቶ ማወቅ ይቻላል። አንዱ ንግሥት ቢያጣ ከሌላው እንቁላል ያለበትን ፍሬም አምጥቶ መስጠት ይቻላል፤ ንቦቹ ከዚያ ውስጥ ንግሥት ያሳድጋሉ። አንድ ብቻ ያለው ሰው የሚያስተያይበትም የሚበደርበትም የለውም።

ስለ ሣጥኑ ትንሽ ልበል፤ ጥፋቴ ያለው እዚያ ውስጥ ነውና። ላንግስትሮዝ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1851 አንድ ነገር አስተዋለ። ንቦች ከ6 እስከ 9 ሚሊሜትር የሚሆን ክፍተት ሲያገኙ መተላለፊያ አድርገው ይተዉታል። ከዚያ ከጠበበ በንብ ሙጫ ይደፍኑታል፤ ከሰፋ እንጀራ ይሠሩበታል። በዚህ ልክ የተሠራ ሣጥን ውስጥ ፍሬሞቹ ከግድግዳው ጋር አይጣበቁም፤ እንደ መሳቢያ እየተነሱ ይመለሳሉ። ዛሬ ቀፎ ከፍተን አንዲት ንብ ሳንጎዳ ማየት የምንችለው በዚያ ቀጭን ክፍተት ምክንያት ነው። ክፍተቱ ግን የእነሱ መንገድ ነው። ንግሥቲቱ እንቁላል ለመጣል ከእንጀራ ወደ እንጀራ የምትሻገረው በዚያው ነው። እኔ ፍሬሙን ከመሃል ነቅዬ፣ እዚያው መሃል ላይ ስወትፈው፣ መንገዷ ላይ ዘጋሁባት።

ትክክለኛው አሠራር ቀላል ነበር። መጀመሪያ የዳሩን ፍሬም ማውጣት፤ እዚያ ብዙ ጊዜ ማርና የአበባ ዱቄት እንጂ ንግሥት አትገኝም። እሱን ከቀፎው አጠገብ ማቆም። ከዚያ የሚቀጥለውን ወደ ተከፈተው ቦታ ገፋ አድርጎ፣ እንጀራው ከምንም ሳይነካካ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ማንሳት። ሲመለስም እንደዚያው፣ በዝግታ፣ ንቦቹ ገለል የሚሉበትን ጊዜ እየሰጡ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ተመልሶ የማይለቀም ነበር።

ዕቃን በተመለከተ ብዙ አያስፈልግም። የፊት ዓይነ ርግብ ያለው ነጣ ያለ ቱታ፣ ጓንት፣ በንብ ሙጫ የተጣበቀውን ፍሬም የሚያላቅቅ ጠፍጣፋ ብረት፣ ማጨሻ። ከእነዚህ ውስጥ ጊዜ ወስዳችሁ እንድትለማመዱበት የምለው ማጨሻውን ነው። ጭሱ ነጭና ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ በእጄ ጀርባ ላይ አስቀድሜ እሞክረዋለሁ፤ እኔን ካቃጠለ እነሱንም ያቃጥላል። በሩ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ነፋ ነፋ አድርጎ አንድ ሁለት ደቂቃ መታገሥ ነው። ጭስ ሁለት ነገር ይሠራል፤ ንቦቹ ማር ወደ መምጠጥ ያዘነብላሉ፣ ደግሞም የማስጠንቀቂያ ሽታቸውን ይሸፍናል።

ያ ሽታ የሙዝ ሽታ ይመስላል። አንዲት ንብ ስትነድፍ መንደፊያዋ ከነመርዝ ከረጢቱ ቆዳ ላይ ይቀራል፤ ከእሱም ይህ ሽታ ይወጣና ሌሎቹን «እዚህ ጋ» ብሎ ይጠራል። ለመጀመሪያ ጊዜ አንጓዬ ላይ ስነደፍ ቀድሞ የደረሰኝ ሽታው ነው፤ ሕመሙ ተከተለ። ከረጢቱ ከንቧ ከተለየ በኋላም መርዝ መግፋቱን አያቆምም፤ ስለዚህ በጥፍር ቢፋቅ፣ በጣት ቢነቀል ለውጥ የለውም፤ ዋናው ፍጥነት ነው። ከዚያ ቦታውን በጭስ ማጠን። የተነደፈው ቦታ ማበጥና ማሳከክ የተለመደ ነው። ትንፋሽ ካጠረ፣ ከንፈር ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ ሽፍታው መላ ሰውነት ላይ ከወጣ፣ ራስ ከዞረ ግን ያ ሌላ ነገር ነው፤ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መሄድ ነው። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ጊዜያት ብቻችሁን ሆናችሁ ቀፎ አትክፈቱ።

ወደዚያ ወር ልመለስ። ፍሬሙን ካፋተግኩ 5 ቀን ቆይቼ እንደ ልማዴ ከፈትኩ። መጀመሪያ ያስደነገጠኝ እንቁላል ማጣቴ ነው። ሌላ ጊዜ በየጉድጓዱ ወለል ላይ የሚታየው ነጭ ክር የሚመስል ነገር አንድም ቦታ የለም፤ እጭ ብቻ። እንቁላል ከተጣለ በ3 ቀኑ ስለሚፈለፈል፣ እንቁላል የሌለበት ቀፎ ንግሥቱን ካጣ ቢያንስ ሦስት ቀን ሆኖታል ማለት ነው፤ ወይም ደግሞ መጣል አቁማለች። ያኔ ይህን ስሌት አላውቀውም ነበር። ሁለተኛው፣ በእንጀራው ፊት መሃል ላይ የለውዝ ቅርፊት የሚመስሉ አራት ነገሮች ወደ ታች ተንጠልጥለዋል። ሁለቱ ተከድነዋል።

ከእኛ አጥር ባሻገር ዕድሜያቸውን በንብ ያሳለፉ ሰው አሉ። ሮጬ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ንቦቼ ያላየሁት ነገር ሠርተዋል።»

መጡ። አልከፈቱም። በሩ አጠገብ ወደ ጎን ቁጢጥ ብለው ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ የማላስበውን ጠየቁኝ።

«ስትከፍቺው ምን ልታዪ ነበር?»

«እንዲያው፣ ደህና መሆናቸውን ላይ ነው ጋሼ።»

«ደህና መሆናቸውን ከውጭም ታዪዋለሽ። ልጄ፣ ክዳኑን ከማንሳትሽ በፊት ጥያቄሽን ያዢ። ጥያቄሽ ሲመለስ ዝጊ።»

ያየሁት ምን እንደሆነ የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው። ንግሥት በድንገት ስትጠፋ ንቦቹ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሽታዋ መቅረቱ ይገባቸዋል። ከዚያ ለሠራተኛነት ከተጣሉት እጮች ገና የተፈለፈሉትን መርጠው ቤታቸውን ያሰፉላቸዋል፤ ተንጠልጥሎ ያየሁት ይህ ነው፤ ለሌሎቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻ የሚሰጠውን የንግሥት ወተት ለእነዚህ እስከ መጨረሻው ይመግቧቸዋል። አንድ ዓይነት እንቁላል፣ አመጋገቡ ሲለይ፣ ንግሥት ይሆናል። ይህን እያወቅኩም ዛሬ ድረስ ይገርመኛል።

«ከዛሬ ጀምረሽ ሦስት ሳምንት እንዳትነኪው» አሉኝ። አዲሷ ንግሥት ስትወጣ ቆዳዋ ገና ለስላሳ ነው፤ ለመዳቀል በረራ ስትወጣና ስትገባ ቤቷ ተከፍቶ፣ ንቦቹ ታውከው ከጠበቋት ልትጠፋ ትችላለች።

በዚያ ምሽት ወረቀት ይዤ ቀኖቹን ቆጠርኩ። ንግሥት ከእንቁላል እስከ መውጣት 16 ቀን ይፈጅባታል፣ ሠራተኛ 21፣ ድንጉላ (ወንዱ ንብ) 24። ንቦቹ የመረጡት እጭ ከተጣለ 4 ቀን ያህል የሆነውን ስለሆነ አዲሷ የምትወጣው አሮጊቷ በሞተች በ12ኛው ቀን አካባቢ ነው። ሰውነቷ እስኪጠና ሳምንት ያህል፣ ከዚያ አየሩ ሲመች መውጣት፣ በአየር ላይ ከብዙ ድንጉላዎች ጋር መዳቀል፣ ተመልሳ ከጥቂት ቀናት በኋላ መጣል መጀመር፤ በድምሩ አራት ሳምንት ገደማ። ከዚያ ላይ የመጀመሪያው አዲስ ሠራተኛ እስኪወጣ 21 ቀን። ሰባት ሳምንት! አሮጊቷ የጣለችው የመጨረሻ እንቁላል ደግሞ በ21ኛው ቀን ወጥቶ ያልቃል። ስለዚህ በመካከሉ አራት ሳምንት ያህል አንዲትም ንብ የማትወለድበት ጊዜ አለ፤ በሥራው ወቅት ደግሞ የአንዲት ሠራተኛ ዕድሜ ስድስት ሳምንት ገደማ ነው። ቀፎው እያረጀና እየሳሳ ይሄዳል። በተለምዶ ሠራተኛ ንብ ወደ አበባ መሄድ የምትጀምረው በሦስት ሳምንት ዕድሜዋ አካባቢ ስለሆነ የጎደለው ቁጥር ማር ላይ የሚታየው ዘግይቶ ነው። በዚያ ዓመት አንድ ማንኪያ ማር አልወሰድኩም። የነበረውን ትቼላቸዋለሁ፤ የእነሱ ስንቅ ነው። በነገራችን ላይ፣ ምንም ያልተሳሳተ ጀማሪም ቢሆን በመጀመሪያው ዓመት ማር ባይጠብቅ እላለሁ። ንቦቹ ሰፈፉን ከራሳቸው ሰውነት አውጥተው ቤቱን ገና እየሠሩት ነው።

አንድ ቀጭን ክፍተት ላይ ለአንድ አፍታ የቸኮለ እጅ የሰባት ሳምንት ዋጋ አለው። ያን ወረቀት አሁንም አስቀምጬዋለሁ።

እነዚያን ሦስት ሳምንታት ምን ላድርግ? በሩ ፊት ለፊት ሳይሆን በጎኑ፣ የበረራ መንገዳቸውን ሳልዘጋ፣ ዝቅተኛ መቀመጫ አስቀምጬ ጠዋትና ማታ እቀመጥ ጀመር። ንብ ማነብን የተማርኩት እዚያ መቀመጫ ላይ ነው።

የሚገቡትን እግር ማየት ተማርኩ። በኋላ እግራቸው ላይ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ አንዳንዴ ግራጫ የአበባ ዱቄት እንክብል ይዘው የሚገቡ ከሆነ ውስጥ የሚመገብ እጭ አለ ማለት ነው፤ የአበባ ዱቄት በዋናነት የእጮቹ ምግብ ነውና። ንግሥቲቱ ከሞተች ሁለት ሳምንት ሲያልፍ ዱቄት የሚያመጡት ቁጥራቸው እያነሰ ሲሄድ በዓይኔ አየሁ። ከሰዓት በኋላ ሞቅ ሲል ወጣት ንቦች ወጥተው ፊታቸውን ወደ ቀፎው አዙረው፣ ከፍ ዝቅ እያሉ፣ ክቡን እያሰፉ ይበራሉ፤ ቤታቸውን እያጠኑ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ሊሄዱ ነው ብዬ ደንግጬ ነበር፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ረጋ አለ። በሩ ላይ ቆመው ጭራቸውን ከፍ አድርገው ክንፋቸውን የሚያርገበግቡ አሉ፤ መንገድ የጠፋባቸውን ንቦች በሚለቁት ሽታ እየጠሩ ነው። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው በአንድ አቅጣጫ የሚያራግቡት ደግሞ ቤቱን እያናፈሱ ናቸው፤ የእጮቹ ክፍል ከ34 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት መጠበቅ አለበት። ይህን ካወቅኩ በኋላ እኔ ክዳኑን አንስቼ «እንዴት ናችሁ» በምልበት ጊዜ ሁሉ ምን እንደማፈርስባቸው ገባኝ።

መጥፎውንም ከውጭ ማየት ይቻላል። በሩ ላይ ተያይዘው የሚታገሉ ንቦች፣ በየቀዳዳው ለመግባት የሚዞሩ እንግዶች ካሉ ሌላ ቀፎ ሊዘርፋቸው መጥቷል፤ በሩን ወዲያው ማጥበብ ነው፤ ማርም ሆነ የስኳር ውኃ አጠገቡ ደፍቶ አለመተው ነው። ክንፋቸው የተጨማደደ፣ መብረር አቅቷቸው መሬት ላይ የሚድኹ ወጣት ንቦች ከታዩ ቫሮዋ የሚባለው፣ ንብ ላይ ተጣብቆ የሚኖር መዥገር መሰል ጥቃቅን ተባይ የመብዛቱ ምልክት ነው። ከኋላ በኩል ቀፎውን በአንድ እጅ ትንሽ ብድግ አድርጎ ክብደቱን መመዘንም አለ፤ ስንቃቸው ማለቁን ክዳን ሳይነሳ ይናገራል።

በዚያው ጊዜ ስለ ፍራንስዋ ሁበር አነበብኩ። ስዊዘርላንዳዊ ነው፤ ዓይኑ የጠፋው በወጣትነቱ ነበር። ቢሆንም ንግሥት የምትዳቀለው ከቀፎ ውጭ፣ በአየር ላይ መሆኑን ያሳየው እሱ ነው፤ ያገኘውንም እ.ኤ.አ. በ1792 አሳትሟል። ቡርነን የተባለ ረዳት ነበረው፤ ቀፎውን እንደ መጽሐፍ ገጽ እየገለጠ ያየለት የነበረው እሱ ነው። ደጋግሜ ያሰብኩት ስለዚህ ነገር ነው። ማየት የማይችል ሰው «እስቲ ክፈትና እንየው» ሊል አይችልም። ረዳቱን የሚልከው ምን ፈልግ እንደሚለው አስቀድሞ አውጥቶ አውርዶ ነው። ጋሼ የነገሩኝም ይኸው ነበር።

አለመክፈት ግን መተው አይደለም፤ ይህን ደግሞ አጥብቄ እናገራለሁ። አበባ በሚበዛበት ወቅት አሁን በየ7 ወይም በየ8 ቀኑ እከፍታለሁ፤ ምክንያቱም የንግሥት ቤት የሚከደነው በ8ኛው ቀን ገደማ ነው፤ መንጋው ለመከፈል ከተዘጋጀ አሮጊቷ ንግሥት ከግማሽ የሚበልጠውን ንብ ይዛ የምትወጣው ያኔ አካባቢ ነው። ጥያቄዬ «ቦታ ጠብቧቸዋል?» የሚል ነው። ጠብቧቸው ከሆነ ሌላ ሣጥን እደርብላቸዋለሁ። ቫሮዋ ባለበት አካባቢ ያለ ሰው ደግሞ ተባዩን መቁጠር አለበት፤ ከእጭ ፍሬም 300 ያህል ንብ በብርጭቆ ወስዶ፣ ንግሥቲቱ አለመኖሯን አረጋግጦ፣ በዱቄት ስኳር አንከባሎ የሚረግፈውን መቁጠር። ማር ለመቁረጥ ሲሆን ደግሞ ጥያቄው «ተከድኗል?» ነው። ንቦቹ የአበባውን ፈሳሽ እያናፈሱ ውኃውን ከ20 በመቶ በታች ካወረዱ በኋላ በሰፈፍ ይከድኑታል። ያልተከደነ ማር ከተቆረጠ ሊቦካ ይችላል። (ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር እንዳይሰጥ፤ የማሩ ንጽሕና ይህን አይለውጠውም።)

አሮጊቷ ከሞተች ሃያ ሰባተኛው ቀን ደረሰ። ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ዱቄት የሚያመጡት እንደገና በርክተው ነበር፤ እንክብሎቹም ትልልቅ ሆነዋል። አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ ሄድኩ፤ እንቁላል አለ ወይ?

ማጨሻውን በእጄ ጀርባ ሞከርኩ። በሩ ላይ ሁለት ጊዜ ነፋሁና ጠበቅኩ። የዳሩን ፍሬም አወጣሁ፤ ማር ነው፤ ከጎን አቆምኩት። ሁለተኛውን ገፋ አደረግኩ። ሦስተኛውን ከምንም ሳይነካ ቀጥ አድርጌ አነሳሁት። ንቦቹ እንጀራው ላይ ረጋ ብለው ይሄዳሉ፤ ከሦስት ሳምንት በፊት የነበረው ያ የተበታተነ ጩኸት የለም። ፀሐይዋን ከትከሻዬ በስተኋላ አድርጌ ብርሃኑ እስከ ጉድጓዶቹ ወለል እንዲገባ ፍሬሙን አዘነበልኩት።

መጀመሪያ ምንም አላየሁም። ከዚያ አንዱን አየሁ። ከወለሉ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ከሩዝ ፍሬ በጣም የቀጠነ ነጭ ነገር። አጠገቡ ሌላ። ከዚያ ዓይኔ ለመደና በየጉድጓዱ አንድ አንድ፣ መሃል ለመሃል፣ እየሰፋ የሚሄድ ክብ ሆኖ ታየኝ። እንቁላል የቆመ ከሆነ ገና የተጣለ ነው፤ ሲቆይ እያዘነበለ ሄዶ በሦስተኛው ቀን ይተኛል። እነዚህ ቆመዋል።

ፍሬሙን በዝግታ መለስኩ። ንቦቹ ገለል እስኪሉ ሁለት ጊዜ ቆም አልኩ። የዳሩን መለስኩ። ክዳኑን ገጠምኩ።

ጋሼ ከአጥሩ ማዶ ቆመው ኖሯል።

«አለ?»

«አለ ጋሼ። ቆሟል።»

«እሷንስ አየሻት?»

«አልፈለግኳትም» አልኳቸው።